ከባዱን ምረጥ

ሰውዬው ጋሽ ሚዛን ከመባሉ በፊት ሌላ ስም ነበረው፤ ያንን ስም ግን አሁን የሚያስታውሰው እሱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ሥራው ቁርጥራጭ ብረት መግዛትና መሸጥ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣችለት ቀኝ እጁ ናት። ሰው የተሰበረ ቧንቧ፣ የዛገ ማጠፊያ፣ የሞተ ሞተር ይዞለት ሲመጣ መዳፉ ላይ ያስቀምጥና ሁለቴ ከፍ ዝቅ አድርጎ ክብደቱን ይናገራል። ያላመነ ግቢው ጥግ ወደቆመችው ሚዛን ይሄዳል፤ ሄዶም አፍሮ ይመለሳል። «ሚዛኗ ትሳሳት ይሆናል እንጂ እኔ አልሳሳትም» ይላል ጋሽ ሚዛን እየሳቀ። ጉራ ነው፤ ግን እውነት የሆነ ጉራ ነው፣ እንዲህ ያለ ጉረኛ ደግሞ አያድርስ ነው።

ያቺው እጅ በሌላ በኩል ሞታለች። ዕድሜ ልኩን የዛገና ስለት ያለው ብረት ሲጨብጥ ኖሮ መዳፉ እንደ ጫማ ሶል ደርቋል፤ ሙቀት ይሁን ቅዝቃዜ አይለይም። የሚንተከተክ ድስት ያለ ጨርቅ ከምድጃው ላይ ብድግ ያደርጋል። ሚስቱ ይህን ባየች ቁጥር «በስመ አብ! አንተ ሰው፣ እጅህ እኮ ሞቷል፤ ቅበረውና ተገላገል!» ትለዋለች፤ እሱም ይስቃል። አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ አታውቅም። የልጃቸውን መታጠቢያ ውሃ የምትለካው እሷ ናት፣ በክርኗ። እሱ ባልዲው አጠገብ እጁን ከዘረጋ «ዞር በል ከዚህ!» ነው።

ልጅቷ ከወገቧ በታች አይሰማትም። አንድ ልጃቸው ናት፤ መኪና ገጭቷት ነው እንዲህ የሆነችው፣ ገጪውም እስከዛሬ አልተገኘም። ከሆስፒታል ሲያስወጧት ሐኪሙ የተናገረውን እናትየው ቃል በቃል ይዛዋለች። «እግሯ ቢቃጠል አትነግራችሁም፣ ቢቆረጥ አትነግራችሁም፤ ስለማታውቅ። እናንተ ናችሁ የምታውቁላት። አንዴ ከቆሰለች ደግሞ ቁስሉ በቀላሉ አይድንም።» ከዚያ ወዲህ ያ ቤት የሚተዳደረው በዚህ ነው። ምድጃ ከእሷ ራቅ ይላል፣ ሻይ ጭኗ ላይ አይቀመጥም፣ ጫማዋ ውስጥ ጠጠር እንዳይኖር ተራግፎ ይታያል። ሁለት ጤነኛ ሰዎች የአንዲትን ልጅ እግሮች ተካፍለው ይጠብቃሉ ማለት ነው።

እሷ ራሷ ግን የሚታዘንላት ዓይነት አይደለችም። ጋሪዋ ላይ ተቀምጣ፣ መስኮቱ አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ላይ በኮምፒውተር ለማተሚያ ቤት የመጽሐፍ ገጾች ታቀናጃለች። ምላሷ ስለታም ነው። የማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ስልክ ደውሎ «ደረሰ ወይ?» ሲላት «አንተ መጣደፍ የጀመርከው ዛሬ ነው እንጂ እኔ ከትናንት ጀምሮ እየሠራሁ ነው» ትለዋለች። አባትየው ይህን ሲሰማ ደረቱ ይነፋል። የቤቱ ግማሽ ወጪ የሚሸፈነው በእሷ ሥራ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን በሥራዋ ነው ሰው ሆና የምትውለው።

ታዲያ አንድ ቀን፣ ወፍራም መጽሐፍ እጇ ላይ እያለ፣ ኮምፒውተሩ ጧ አለና ዝም አለ። ጢስ ቢጤ ወጣ። ልጅቷ ከፈተችና አየችው፤ የተቃጠለው ፓወር ሰፕላዩ ነው፣ ያ መብራቱን ከግድግዳው ተቀብሎ ለሌላው ዕቃ የሚያከፋፍለው ሳጥን። ኬዙም፣ ማለትም ሁሉን የያዘው ብረት ቤቱ፣ ዝጎ በሩ አልዘጋ ካለ ቆይቷል።

«አባዬ፣ ኬዙን ርካሹን ግዛ፣ ግድ የለም፤ ቆርቆሮ ነው» አለችው። «ፓወር ሰፕላዩን ግን ለብቻው፣ ደህናውን።»

«አብሮ የሚሸጥም አለ ይባላል።»

«አለ። አብሮ የሚመጣው አብዛኛው ውስጡ ባዶ ነው፣ ላባ ነው የሚመስልህ ስታነሳው። ደህናው ይከብዳል፤ ውስጡ መዳብና ብረት አለዋ። ምናልባት አብሮ የሚሸጠውን ካየህ…» ብላ ሳቀች፤ «ማንን ነው የማስተምረው? አንተ እኮ ሚዛን ነህ። ከባዱን ምረጥ።»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ናት ጋሽ ሚዛንን ጉድ የሠራችው። ሌላውን ሁሉ ረስቶ «ከባዱን ምረጥ» የሚለውን ይዞ ወጣ።

የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጥበት መተላለፊያ ጠባብና ጨለማ ነው፤ ግራና ቀኙ ካርቶን ተቆልሎ ሰው በጎን ነው የሚያልፈው። የገባበት ሱቅ ባለቤት ጥርሱን የማይከድን ሰው ነበር፤ ሳቂታው ይሉታል። «አባት፣ ግቡ፣ ግቡ! ምን ልታዘዝ?» አለና ኬዞቹን ደረደረለት፤ ጥቁር፣ ፊታቸው መስታወት የመሰለ፣ ሁሉም ከነፓወር ሰፕላያቸው። «ሌላ ቦታ ሁለቱን ለያይተው ነው የሚያስከፍሉዎት። እኔ ጋ አንድ ላይ፣ ያውም በግማሹ።»

ጋሽ ሚዛን ፓወር ሰፕላዩ ይውጣልኝ አለ። የመጀመሪያውን መዳፉ ላይ አድርጎ ሁለቴ ከፍ ዝቅ አደረገውና «ይሄማ ባዶ ነው፤ ነፋስ ልትሸጥልኝ ነው?» ብሎ መለሰለት። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሳቂታው ሳቁን ቀነስ አድርጎ አየውና ከኋላ ካለው መደርደሪያ ሦስተኛ አወረደ። ያኛው መዳፉ ላይ ሲያርፍ ጋሽ ሚዛን ፈገግ አለ። ወደ ታች የሚስብ፣ ደልደል ያለ፣ የልብ የሚያደርስ ክብደት ነው። ጆሮው ሥር አድርጎ ነቀነቀው፤ አንዳች የሚንቀጫቀጭ ነገር የለም።

«እርስዎንማ ማን ይሸውዳል!» አለ ሳቂታው።

እንዲህ ሲሉት አይወድም ነበር ብል ውሸት ነው። እንደ ሕፃን ደስ አለው። በተረፈው ገንዘብ ደግሞ ለልጁ ጋሪ ወፍራም የስፖንጅ መቀመጫ ገዛ፤ የድሮው ሳስቶ ስለነበር ያቆስላታል ብሎ ሲሰጋ ከርሟል። ኬዙን በትከሻው፣ መቀመጫውን በብብቱ ይዞ ሲመለስ መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ «ምን አገኘህ ዛሬ?» እስኪለው ድረስ ፊቱ በርቶ ነበር።

ልጅቷ ፓወር ሰፕላዩን በሁለት እጇ ይዛ አመዛዘነችው። «ይከብዳል» አለች።

«አላልኩሽም?»

«እኔ ነኝ ያልኩህ እንጂ!» አለችና ሁለቱም ሳቁ። እሷ ገጠመች፣ እሱ ብሎን አቀበለ። ኮምፒውተሩ ተነሳ። የፓወር ሰፕላዩ ማራገቢያ ትንሽ ያቃስታል፤ አዲስ ስለሆነ ነው ተባለ። የስክሪኑ ገመድ አጭር በመሆኑ ኬዙ ወለሉ ላይ፣ ከጋሪዋ ቀኝ እግር ማሳረፊያ ጎን ተጠግቶ ቆመ። ፓወር ሰፕላዩ የተገጠመው ደግሞ ከታች በኩል ነው፣ ልክ በቁርጭምጭሚቷ ትይዩ።

በማግስቱ የእናትየው እህት ወልዳ ኖሮ እናትየው በጠዋት ልትጠይቃት ሄደች። ልጅቷ መጽሐፉን ለማድረስ ከቁርስ ጀምሮ ከጠረጴዛው አልተነሳችም። እኩለ ቀን አልፎ አባትየው ምሳ ሊያቀብላት ሲገባ አየሩን አሸተተች።

«አባዬ፣ ይሸታል አይደል? እስኪ ኬዙን ንካልኝ፣ ጋለ እንዴ?»

ጋሽ ሚዛን ጎንበስ አለ። ከጠረጴዛው ሥር ጨለማ ነው። እጁን ሰዶ የኬዙን ጎን ከላይ እስከ ታች በመዳፉ ዳበሰው። ሚስቱ ብትኖር «ዞር በል!» ትለው ነበር። እሱም ራሱ ይህን አያጣውም፤ ግን ልጁ ጠየቀችው፣ እጁ እዚያው ነበረች፣ ያቺ እጅ ደግሞ ትናንት ብቻ እንዴት አድርጋ አኮራችው!

«ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም» አላት። «የሚሸተው አዲሱ ቀለም ነው። ብዪ አሁን።»

በላች፤ ሥራዋን ቀጠለች። ቀኝ እግሯ ከማሳረፊያው ተንሸራቶ፣ በወፍራም ካልሲ እንደተሸፈነ፣ የኬዙን ጎን ተደግፎ ነበር። እሱ ሲጎነበስ ካልሲዋን አይቷል። እግሯ መደገፊያ ያገኘ መስሎት «እሰይ» ነው ያለው በሆዱ።

እናትየው ማምሻውን ስትመለስ እንደ ሁልጊዜው የልጇን እግር ልታይ ተንበረከከች። ግራውን ካልሲ አወለቀች። ቀኙን ሳበችው፣ እምቢ አለ። «ምንድነው ይሄ?» አለች። እንደገና ስትስበው ካልሲው ብቻውን አልመጣም። ያወጣችው ድምፅ የሰው ጩኸት አይመስልም ነበር። ልጅቷ ግን ፊቷ ላይ አንዳች ሕመም ሳይታይ፣ አንዴ እናቷን አንዴ አባቷን እያየች፣ «ምን ሆነ? ንገሩኛ! ምን ሆንኩ?» ትል ነበር። እናትየው ኬዙን በጣቷ ጫፍ ነካችውና እጇን ነጥቃ መለሰች። ባሏን ቀና ብላ አየችው። ቀጥሎ ዓይኗ መዳፉ ላይ ወረደ።

ልጅቷ ሆስፒታል ገባች። ቃጠሎው እስከ አጥንቱ ዘልቋል አሉ። ሐኪሙ እንደፈራው ቁስሉ አልድን አለ፤ ጠቆረ፣ ሸተተ፣ ትኩሳቱ ወደ ላይ ወጣ። በመጨረሻ እግሯን ከጉልበቷ በታች ቆረጡት።

ሊጠይቁ የመጡ ጎረቤቶች የሚሉት ቢጠፋቸው አንዲቱ ሴትዮ «መቼም አልሄደችበት፣ እሱም አንድ ነገር ነው» ብላ አረፈች። ለማጽናናት ብላ ነው፤ ምን ዋጋ አለው። ልጅቷ ትራሷ ላይ ቀና ብላ «እግሬ ነበር እኮ» አለቻት። ጋሽ ሚዛን ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ቆመ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ።

በነጋታው ኬዙን ተሸክሞ ሳቂታው ዘንድ ሄደ። ሰው እንደሚገድል ሆኖ ነው የሄደው። ሳቂታው ግን ወሬው ቀድሞ ደርሶት ኖሮ ገና ከሩቅ ሲያየው ፊቱን አዘጋጅቶ ጠበቀው። «ነፍስ ይማር… ማለቴ እግዜር ይማራት። አባት፣ እኔ የመጣልኝን ነው የምሸጠው። አሽገው ነው የሚያመጡልኝ፣ ውስጡን አላውቅም። ደግሞም መርጠው የወሰዱት እርስዎ ነዎት። ቀላሉን አሳይቼዎት አልነበር?» ጋሽ ሚዛን ሊመታው የሰነዘራት እጅ አየር ላይ ቀረች። መርጦ የወሰደው እውነትም እሱ ነው። መልሶ ተሸክሞት ወጣ።

ግቢው ደርሶ በሩን ከውስጥ ዘጋ። ፓወር ሰፕላዩን ፈቶ አውጥቶ ድንጋይ ላይ አስቀመጠውና ብሎኑን እንኳ ሳይፈታ በመዶሻ ክዳኑን ገነጠለው። ውስጡ የተቃጠለ ሬንጅ ይሸታል። ትንሽ ያረጀ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ አለ፣ ከሌላ የሞተ ዕቃ ተነቅሎ የተገጠመ። የቀረው ቦታ ሁሉ፣ አየር ማለፊያው ሳይቀር፣ በጥቁር ሬንጅ በተጣበቀ ብረት ታጭቋል። ሬንጁን በጩቤ ፋቀ ፋቀ አደረገና አንዷን ነቅሎ አወጣት። ልብሱ ላይ ጠርጎ ብርሃን ላይ ያዛት።

አወቃት። ወዲያው ነው ያወቃት።

ከታች ሰፈር የበር ቁልፍ የሚሠራ ወርክሾፕ አለ። ወፍራም ላሜራ ላይ የቁልፍ ቀዳዳ ሲበሳ የምትወድቀው ብረት ከላይ ክብ፣ ከታች ሰፋ ያለች ናት፤ ራስና ቀሚስ ያላት ሴትዮ ትመስላለች። መብሻው ጥርሱ ስለተሸረፈ እያንዳንዷ አንገቷ ላይ ጭረት አላት። ከዚያ ወርክሾፕ ይህን ብረት የሚያነሳ ሌላ ሰው የለም፤ ከጋሽ ሚዛን በቀር። ልጁ ትንሽ ሳለች እነዚህን ብረቶች «ሰዎቼ» ብላ ትጫወትባቸው ነበር። በቤተሰብ በቤተሰብ ደርድራ፣ «አባዬ፣ ሁሉም አንገታቸውን አሟቸዋል» ብላ በክር ታስርላቸው ነበር።

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ደግሞ እጁ ከጓንት የማይለይ አንድ ሰው እየመጣ፣ እነዚህን ብቻ ለይቶ ከሌላው ብረት በላቀ ዋጋ ይወስዳል። «ለምን ይሆንሃል?» ሲለው «መጋረጃ እሰፋለሁ፤ ጫፉ ላይ ሳደርገው በነፋስ አይነሳም» ነው ያለው። ጋሽ ሚዛን በጆንያ ሲሸከምለት ስቋል። «ይሄ ከተማ ይሄን ሁሉ መስኮት ከየት አመጣው?» ብሎ ቀልዷል፤ ባለጓንቱም አብሮት ስቋል። ነገሩ ከዚህ አላለፈም። ዋጋው ጥሩ ነበራ! ጥሩ ዋጋ የሚከፍልን ሰው ማን ያደርቀዋል?

ግቢው ጥግ፣ ከሚዛኗ አጠገብ፣ ለባለጓንቱ ተለይቶ የተቀመጠ ሙሉ ጆንያ ነበር። ጋሽ ሚዛን እሱን እያየ ቁጭ አለ። ሱቁ ውስጥ መዳፉ ላይ ያረፈው ያ የልብ የሚያደርስ ክብደት ለምን እንዲያ እንደተስማማው አሁን ገባው። ስንት ጊዜ አንስቶ ያስቀመጠው የራሱ ብረት ነዋ። እጁ አልተሳሳተችም፤ ዘመዷን ነው ያገኘችው።

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሲሄድ ያቺን አንዷን ብረት ኪሱ ከቷት ነበር። ለምን እንደያዛት አያውቅም። ሊናገርም ነው፣ ላይናገርም ነው። ልጁ አልጋዋ ላይ ተደግፋ መስኮቱን ታያለች። ሚስቱ ውሃ ልታመጣ ወጥታለች። ከብርድ ልብሱ ሥር አንዱ እግር ሙሉ ሆኖ፣ ሌላው መሀል ላይ ሲያልቅ ይታያል፤ እሱም ወደዚያ ላለማየት ፊቱን መለስ አደረገ።

«ከፈትከው፣ አይደል?» አለችው። ታውቀዋለች፣ ብረት ይዞ ሳይከፍት እንደማያድር።

«ከፈትኩት።»

«ምን አለው ውስጡ?»

ጋሽ ሚዛን እጁን ኪሱ ከቶ ብረቷን አወጣና መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

ልጅቷ አየቻት። አገላበጠቻት። በአውራ ጣቷ ጥፍር አንገቷ ላይ ያለውን ጭረት ዳበሰች፤ ደግማ ዳበሰችው።

«አባዬ» አለች በቀስታ፣ «ይቺ እኮ የኛ ናት።»

አንገቱን ነቀነቀ። «ለመጋረጃ ነው ብሎኝ ነበር» አለ። ሲናገረው ለራሱ ጆሮ እንኳ የማይረባ ወሬ ሆኖ ተሰማው። «አፈር ስሆን ልጄ፣ አላወቅኩም። ጠይቄው ነበር። አንዴ ጠይቄዋለሁ።» እሷ አልተቆጣችም፣ አላጽናናችውምም። ሲጠብቀው የነበረው ቁጣ ቢመጣ ይሻለው ነበር።

የእናትየው ጫማ ኮሪደሩ ላይ ተሰማ። ልጅቷ ቶሎ ብላ ጣቶቿን ከደነች፤ ብረቷ ጡጫዋ ውስጥ ገባች።

እናትየው ገብታ ጠርሙሱን አስቀመጠችና ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው። ከቃጠሎው ወዲህ ከባሏ ጋር ያወራችው ቃል ትንሽ ነው፤ አሁን ግን እሷው ጀመረች። «ያንን ጉድ ከፈትከው ወይ? ምን ሞልተውት ነው ልጄን ያቃጠሉብኝ?»

ጋሽ ሚዛን አፉን ከፈተ። ልጅቷ ቀደመችው።

«ሲሚንቶ ነው፣ እማዬ። እንዲከብድ ብለው ሲሚንቶ ሞልተውበት ነው።»

«ሲሚንቶ!» አለች እናትየው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ቀና ስትል ዓይኗ ደርቋል። «የሸጠውም፣ የሞላውም፣ ለሞላው ሰው ያቀበለውም፣ አንድ ሳይቀር እጃቸው ይድረቅ! የልጄን እግር እንዳደረቁት እጃቸውን ያድርቀው! አሜን በሉ!»

ልጅቷ ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ጡጫዋ እንደተጨበጠ ነው።

«አሜን በል እንጂ አንተ ሰው!»

«አሜን» አለ ጋሽ ሚዛን።